እሳትና ውሃ በፎገራ ሜዳ

እሳትና ውሃ ለሰው ልጅ ከተሰጡት አገልጋዮች ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። ያለ እሳት እህል አይበስልም፤ ብረትም አይቀጠቀጥም፤ ያለ ውሃ ዘር አይበቅልም፤ ከብትም አይረባም። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ከሰው እጅ ባመለጡ ዕለት አገልጋይነታቸው ይቀርና ጌቶች ይሆናሉ። አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ስለ እሳት «ሳይቃጠል በቅጠል»፥ ስለ ውሃም «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲሉ ተርተዋል። ሁለቱ ተረቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ሙሉ ምክር ይወጣቸዋል። የፊተኛው ሥራው መሠራት ያለበት መቼ እንደ ሆነ ያስተምራል፤ የኋለኛው ደግሞ ያ ጊዜ ሳይታወቀን የሚያመልጠን ለምን እንደ ሆነ ይነግረናል።

ይህን የምንጽፈው ስለ ተረት ለመናገር ብቻ አይደለም። በደቡብ ጎንደር፥ በፎገራ ሜዳ ላይ ከተቆረቆረችው ከወረታ ከተማ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን፤ በየክረምቱና በየበጋውም በዚያ መንገድ እንመላለሳለን። በተመላለስን ቍጥር አንድ ጥያቄ ከልባችን አልወጣም፤ ይኸውም የአንድ ከተማና የአንድ ሜዳ ሕዝብ ከእሳትና ከጎርፍ የሚጠበቀው በምን ዓይነት አስተዳደርና በምን ዓይነት ዕቅድ ነው? የሚለው ነው።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ለጥ ያለ መሬት ነው። በስተሰሜን የርብ ወንዝ፥ በስተደቡብ የጉማራ ወንዝ ያልፉበታል። ሁለቱም ውሃቸውን የሚያገኙት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራና ከአካባቢው ደጋ ነው። ከዚያ ቁልቁለት እንደ ተለቀቀ ፈረስ ጋልቦ የሚወርደው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ እንደ ደከመ መንገደኛ ሸክሙን ያራግፋል፤ ሸክሙም የደጋው አፈር ነው። አፈሩ በተከመረ ቍጥር የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ባለ ቍጥርም ውሃው ከአፋፉ እየዘለለ ወደ እርሻውና ወደ መንደሩ ይገባል። የጣናም ሐይቅ በክረምቱ መጨረሻ ሲሞላ የወንዞቹን መውጫ ስለሚያጨናንቀው ውሃው ከፊትም ከኋላም የተያዘ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሕዝቡን የሚጎዳው ይህ ውሃ ራሱ የሕዝቡ አሳዳጊ ነው። በስሙ የሚጠሩት የታወቁት የፎገራ ከብቶች የረቡት ጎርፉ በሚያለመልመው ሣር ነው። በ1970ዎቹም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች የሩዝን እርሻ በዚህ ሜዳ ካስተማሩ ወዲህ፥ በፊት ውሃ ይተኛበታል ተብሎ ይተው የነበረው መሬት ከሁሉ የሚበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በእርሷ ነው። እንግዲህ ገበሬው ጎርፉን ሽቶ ወደ ጎርፉ ቀርቦ ይኖራል ማለት ነው። ይህን ሰው «ከዚያ ተነሥና ሌላ ቦታ ኑር» ብሎ መምከር «እንጀራህን ተው» እንደ ማለት ስለ ሆነ መፍትሔ አይሆንም። የሚበጀው ባለበት እንዲድን ማድረግ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አገራችን የውሃን ኀይል በአንድ ወቅት በሦስት አቅጣጫ አየች። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የድሬዳዋ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ የኦሞ ወንዝ ከ300 በላይ ሰዎችን ፈጀ፤ በዚያው ክረምት ርብና ጉማራም ከወሰናቸው ወጥተው በሐይቁ ዳር ያሉትን እንደ ሽና፥ እንደ ናቤጋና እንደ ዋገጠራ ያሉትን የፎገራ ቀበሌዎች አጥለቀለቁ። በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱንና ማሳውን ትቶ ወደ ደረቅ ስፍራ ተሰደደ። በድሬዳዋና በፎገራ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የድሬዳዋው ውሃ በሰዓታት ውስጥ ደርሶ በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ ነው። የፎገራው ግን እያዘገመ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ ተንጣሎ ይሰነብታል። የሚያዘግም ጠላት ለሚዘጋጅ ሰው ጊዜ ይሰጣል፤ ለማይዘጋጅ ግን ያው ነው።

ስለዚሁ ነገር አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ገበሬ ያጫወቱን ቃል እስከ ዛሬ ከአእምሮአችን አልጠፋም። «አባቴ፥ ውሃው መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ሰማዩን አይታችሁ እንዳትታለሉ። እኛ ዘንድ ጨረቃ ወጥታ፥ ጠብ ያለ ዝናብ ሳይኖር ሌሊት ውሃው እደጃችን ይቆማል። የዘነበው እኮ ጉና ላይ ነው። እዚያ ያለው ሰው ዝናቡን ያያል፥ ውሃውን ግን አያይም፤ እኛ ውሃውን እናያለን፥ ዝናቡን ግን አናይም» አሉን።

የአስተዳደር ትምህርት ሁሉ በዚህ አነጋገር ውስጥ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን። ዝናቡ የሚዘንበው በፋርጣ ወረዳ ነው፤ ውሃው የሚተኛው በፎገራ ነው። የርብ አንዱ ዳር ፎገራ ሲሆን ማዶው ሊቦ ከምከም ነው፤ የጉማራም አንዱ ዳር ፎገራ ሲሆን ማዶው ደራ ነው። የወረዳዎቹ ወሰን ወንዝ ሆኖ ሳለ አንዱ ወረዳ ለብቻው የአፈር ክትር ቢሠራ ውሃውን አያጠፋውም፤ ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል እንጂ። ከወረዳው ሌላ ደግሞ ወረታ የራሷ የከተማ አስተዳደር አላት። በርብ ወንዝ ላይ ከላይ በኩል የተሠራው ግድብም የራሱ ጠባቂዎች አሉት። እሳትና ጎርፍ ግን የማንንም ማኅተም ሳይጠይቁ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ስንት ነው? ሳይሆን፥ በአደጋው ሰዓት የሚያዝዘው ማን ነው? የሚለው ነው።

ስለ ጎርፍ ይህን ያህል ካልን ወደ እሳቱ እንመለስ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚያልፈው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ነዳጅ የጫነ ቦቴ፥ ጥጥና ሰሊጥ የጫነ መኪና፥ ሕዝብ የሞላበት አውቶቡስ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ደረቅ ወደብም ተሠርቶባታል። በከተማዋ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች አሉ፤ በወፍጮዎቹም ዙሪያ ገለባው ይከመራል። የሩዝ ገለባ እሳት እንደ ሌላው እሳት በነበልባል አይታወቅም፤ ከላይ የጠፋ መስሎ ከውስጥ እየጤሰ ይሰነብትና ነፋስ ባገኘ ጊዜ ይነሣል። በገጠሩም ከመከር በኋላ የሩዙና የጤፉ ጭድ በየደጁ ይከመራል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወራት አንዲት ፍንጣሪ የአንድን መንደር የዓመት መኖ ልታጠፋ ትችላለች።

በዚህ ዓይነት ቦታ ከሩቅ የሚመጣ ረዳት ምን ያህል ይረዳል? ከባሕር ዳር እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእሳት አደጋ መኪና ጥሪው በደረሰው ቅጽበት ተነሥቶ መንገዱ ሁሉ ቢለቀቅለት እንኳ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት ግን ክፍሉን በሙሉ ለመያዝ የሚበቃው ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዲህ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ጎረቤቱን ያድን ይሆናል እንጂ እሳቱ የተነሣበትን ቤት አያድንም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደርሰው ያው የሰፈሩ ሰው ነው። ስለዚህ የማናቸውም እሳት ጥበቃ መሠረቱ የሰፈሩ ሰው እንጂ መኪናው አይደለም።

የሰፈሩ ሰው ድፍረትና ርኅራኄ እንደማይጎድለው በዐይናችን አይተናል። ስሟን በማንጠቅሳት በአንዲት ትንሽ ከተማ አድረን ሳለን ሌሊት የሱቆች ረድፍ ተቃጠለ። ኡኡታው እንደ ተሰማ ሕዝቡ በነቂስ ወጣ፤ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው፥ ወንዶች ገጀራና አካፋ ይዘው፥ የማያውቁት ሰው ንብረት እንዳይጠፋ ወደ እሳቱ ገቡ። ነገር ግን አንዱ «ጣራውን አፍርሱ» ሲል ሌላው «አትንኩ» ይላል፤ አንዱ አሸዋ፥ ሌላው ውሃ ያስመጣል፤ የመብራቱም መሥመር እስኪቋረጥ ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ። ከጎረቤት ከተማ የተላከው መኪና ደርሶ የያዘውን ውሃ ከጨረሰ በኋላ ሠራተኞቹ «ውሃ የት ይቀዳል?» ብለው ጠየቁ። የውሃው ጣቢያ ቅርብ ነበረ፤ በሩ ግን ተቈልፏል፤ ቍልፉን የያዘው ሰው በዚያ ሌሊት የት እንዳደረ የሚያውቅ አልተገኘም። በሩ ተሰብሮ ውሃው እስኪቀዳ ድረስ ረድፉ ወደ አመድነት ተለወጠ። ጧት በአመዱ ላይ ቆመን ስንመለከት የጠፋው ሀብት የጠፋው ሰው ስላልነበረ አልነበረም፤ መኪናም፥ ውሃም ስላልነበረ አልነበረም። የጎደለው ሥርዐት ብቻ ነበረ፤ ዋጋውም ከአንዲት ቍልፍ ዋጋ አይበልጥም ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሌላውም ዓለም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። የሮም ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በ6 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቈጣጠር) ሰባት የእሳት ጠባቂ ጭፍሮችን ሲያቋቁም ከተማዋ ከተከፈለችባቸው 14 ክፍሎች እያንዳንዱ ጭፍራ ሁለት ሁለት ክፍል እንዲጠብቅ አደረገ፤ ማን የትኛውን ሰፈር እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ታወቀ ማለት ነው። በ1666 ሎንዶን ተቃጥላ ከ13,000 በላይ ቤቶች ከወደሙ በኋላ ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተነሥተው የየራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጠሩ፤ ዋስትና የገባላቸውንም ቤት በግድግዳው ላይ በሚለጠፍ ምልክት ያስታውቁ ነበር። ነገር ግን እሳት ምልክት አያነብም። የድሀው ቤት ሲነድ የባለጸጋው ቤት አይድንምና፥ በ1824 የኤዲንብራ ከተማ ጄምስ ብሬድዉድ በሚባል ወጣት አለቃ ሥር የከተማው የራሱ የሆነ እሳት አጥፊ ጓድ አቋቋመ። ብሬድዉድ ሰዎቹን በሌሊት እያለማመደ ሥራውን ሙያ አደረገው፤ በኋላም በሎንዶን በ1861 ግድግዳ ተደርምሶበት በሥራው ላይ ሞተ።

በአገራችንም ከቅርብ ጊዜ የምንማረው አለ። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለ፤ በመጨረሻም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች እስከ መምጣት ተደረሰ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ከተቃጠለ በኋላ በቅጠል ሲሆን ምን ያህል እንደሚያደክም በዚያ ታየ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ደግሞ መኪናና ሠራተኛ ባለበት ከተማ እንኳ የመንገዱ ጥበትና የሕዝቡ መጨናነቅ ሥራውን አከበደው። ከሁሉም የሚያሳዝነው በጎፋ የደረሰው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡት ሰዎች በሁለተኛ ናዳ ተቀበሩ፤ ከ200 በላይ ሕዝብ አለቀ። ከእነዚያ ሰዎች የሚበልጥ ፍቅር ያለው የለም፤ ስለዚህም ነው ለሚያድን ሰው ራሱ አዳኝ የሚያስፈልገው። ተራራውን የሚመለከት፥ «ቁሙ፥ አትግቡ» ሲልም ቃሉ የሚሰማ አንድ አለቃ በየስፍራው መኖር አለበት።

መንግሥትም ይህን ሳያስብ የቀረ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተፈጠረው የወሎ ረኀብ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሥራውም በአመዛኙ አደጋ የደረሰበትን መርዳት ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ግን ሐሳቡን ገልብጦ፥ ዋናው ሥራ አደጋው ሳይደርስ ስጋቱን መቀነስ እንዲሆን፥ ኀላፊነቱም እስከ ወረዳና እስከ ቀበሌ እንዲወርድ አመለከተ። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከላይ የወረደ ኀላፊነት ከታች የሚቀበለው በስም የታወቀ ሰው ካላገኘ በመንገድ ላይ ይቀራል። «ሁሉም ይመለከተዋል» የተባለ ሥራ ማንም የማይመለከተው ሥራ ይሆናልና።

እኛ ለወረታና ለፎገራ ይበጃል ብለን የምናስበውን ዕቅድ በዋጋው ቅደም ተከተል ብናቀርበው ነገሩ ይብራራል። የመጀመሪያው ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፤ ይኸውም በአደጋ ሰዓት የሚያዝዘው ሰው፥ እርሱ ባይገኝ ተተኪው፥ የውሃ ጣቢያውን ቍልፍ የሚይዘው፥ መብራቱን የሚያቋርጠው፥ የጤና ጣቢያውን የሚቀሰቅሰው ማን ማን እንደ ሆኑ ተጽፎ በየቀበሌው መለጠፍ ነው። ከተማውና አራቱ ወረዳዎች፥ ማለት ፎገራ፥ ደራ፥ ሊቦ ከምከምና ፋርጣ፥ የግድቡም ጠባቂዎች፥ ክረምት ሳይገባ በግንቦት አንድ ቀን ተቀምጠው በዚህ ቢፈራረሙ የዋጋው ልክ የአንድ ቀን ስብሰባ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቀው ነው። የጉማራ ድልድይ ከወረታ በስተባሕር ዳር፥ የርብም ድልድይ በስተአዲስ ዘመን፥ ሁለቱም በዋናው መንገድ ላይ ናቸው። ከዚያም በላይ በደጋው የዝናቡን ልክ፥ በድልድዮቹም የውሃውን ልክ ሌሊትም ቀንም የሚያነብ ሰው ቢቆም፥ ንባቡንም በስልክ ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ቢያስተላልፍ፥ ዝናቡን የሚያየውና ውሃውን የሚያየው ሰው ይገናኛሉ። ስልክ በማይሰማበት ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ደወልና ጥሩምባ አሉ። ሕዝቡም ደወሉን ሰምቶ የሚሄድበት ከፍ ያለ ቦታ፥ ለከብቱም ጭምር የሚበቃ፥ አስቀድሞ መለየት አለበት። የፎገራ ሰው ከብቱን ትቶ አይሸሽምና የከብቱን መሸሻ ያላሰበ ዕቅድ የሰውየውንም ሕይወት አላሰበም።

ሦስተኛው በእጃችን እያለ ያላየነው ሀብት ነው። የፎገራ ገበሬ በበጋ ከርብና ከጉማራ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማበት የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው። ይህ ሞተር ከረጅም ጎማው ጋር ምንድን ነው? የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ አይደለምን? በየቀበሌው ባለ ሞተሮች ተመዝግበው፥ በፈቃዳቸው ጥቂት ቀን ቢለማመዱ፥ ለነዳጁም ካሳ ቢወሰንላቸው፥ ሜዳው ሳይገዛ ብዙ እሳት አጥፊ ያገኛል። ማስጠንቀቅ የሚገባን ግን ለሞተሩ የሚቀመጠው ነዳጅ ከምድጃና ከጭድ እንዲርቅ፥ በበጋውም መጨረሻ ወንዙ ስለሚጎድል በየሰፈሩ የተጠራቀመ ውሃ እንዲኖር ነው። በውሃ ላይም እንዲሁ፥ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ የሚቀዝፉ የሐይቁ ዳር ሰዎች ከማንኛውም ባዕድ ሠልጣኝ ይልቅ ውሃውን ያውቁታል። ታንኳው ለብዙ ሰው ስለማይበቃ ጥቂት ባለ ሞተር ጀልባዎች ቢጨመሩላቸው ባለሙያዎቹ እነርሱ ናቸው።

አራተኛውና የመጨረሻው መኪናው ነው። መኪና አያስፈልግም አላልንም፤ የነዳጅ ቦቴ በሚያልፍበት፥ መጋዘን በሚሠራበት ከተማ እጅግ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሾፌር፥ ሠራተኛ፥ መለዋወጫ፥ ነዳጅና የውሃ መቅጃ ሳይሰናዳ አስቀድሞ የተገዛ መኪና በዓል ሲሆን የሚታጠብ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መንገዱም አስቀድሞ ይታሰብ፤ ሱቆችና ወፍጮዎች ሲፈቀዱ መኪና የሚገባበት ስፋት፥ በገለባው ክምርና በቤቱ መካከልም በቂ ርቀት ይኑር። የሸማ ተራ ትምህርት ይኸው ነው።

አሁን አንድ ክርክር እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ለጤና ጣቢያው መድኃኒት፥ ለተማሪው መጽሐፍ ሳይሟላ፥ ለሚመጣም ለማይመጣም አደጋ ገንዘብ መመደብ ተገቢ ነውን?» የሚል ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የታመመው ሕፃን ዛሬ በዐይን ይታያል፤ ያልተቃጠለው ቤት ግን በማንም ዐይን አይታይም። የእሳት ጥበቃ ሥራ ዕጣው ይህ ነው፤ በደንብ በሠራ ቍጥር ሥራ ፈት ይመስላል፤ ሥራ ፈት በመሰለም ቍጥር በጀቱ ይቀነሳል፤ በጀቱ በተቀነሰ ማግሥት ግን እሳቱ ይነሣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መሥሪያ ቤት በዓመቱ ባጠፋው እሳት ብዛት መመዘን ስሕተት ነው። መመዘን ያለበት ጥሪ በደረሰውና በቦታው በተገኘ መካከል ባለው ደቂቃ፥ ባደረገው ልምምድ፥ በማናቸውም ሌሊት ሲነካ በሚነሣው ሞተር፥ ክረምት ሳይገባ በጠረጋቸው ቦዮች ነው። ገንዘቡም ከአንድ ኪስ ብቻ አይውጣ። ወፍጮውም፥ ማደያውም፥ መጋዘኑም እንደ አደጋው መጠን ያዋጡ፤ አገልግሎቱ ግን የሎንዶኖቹን ምልክት ሳይመስል፥ ለሣር ክዳኑ ጎጆም ለፎቁም እኩል ይሁን።

የወረታና የፎገራ ሕዝብ ደቦን፥ ወንፈልንና ዕድርን ከአባቶቹ የወረሰ ሕዝብ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፥ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፥ ማን ለቀስተኛውን እንደሚያስተናግድ ሳይጠየቅ ያውቃል፤ በዕድሩ መዝገብ ተጽፏልና። ለሞት ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ ሕይወትን ለማዳን መደራጀት እንዴት ይሳነዋል? መዝገቡ አለ፤ ዳኛውና ጸሐፊው አሉ፤ ጥሩምባ ነፊውም አለ። የሚቀረው በዚያው መዝገብ ላይ አንድ አዲስ ገጽ መጨመር፥ አስተዳዳሪዎቹም በወንዝ ማዶና ማዶ ሆነው በዚያ ገጽ ላይ ስማቸውን መጻፍ ነው። የጉና ዝናብ ክረምት ሲገባ ወረዱን ይጀምራል፤ ገጹ ከዚያ በፊት፥ በግንቦት ይጻፍ።